አስቀድሞ መውረድን

ባለፈው ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከመካነ ሰላም አካባቢ የመጣ ነበር። ጸሐፊዋ ሥራ ከያዙ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ናቸው። በትምህርት ቤታቸው ግቢ ውስጥ በባሕር ዛፍ ምሰሶና በቧንቧ ብረት ሁለት አግዳሚዎች፣ አንዱን ዝቅ ሌላውን ከፍ አድርገው አሠርተዋል። ከ9 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 12 ልጃገረዶች ከትምህርት በኋላ እየመጡ ይለማመዳሉ። መምህርቷ ስለ ልጆቹ ትጋት ሲጽፉ፣ «እኔ ከመድረሴ በፊት እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ይጠብቁኛል» ይላሉ።

ችግራቸው ወዲህ ነው። በሰኔ ወር የወላጆች በዓል ይከበራል። ርእሰ መምህሩ በዚያን ቀን ከልጆቹ አንዷ በላይኛው አግዳሚ ላይ ተንጠልጥላ ዙሪያውን ስትሽከረከር እንግዶቹ እንዲያዩ ፈልገዋል። ደብዳቤው የተጻፈው በመጋቢት ነው፤ የቀረው ጊዜ 12 ሳምንት ብቻ ነው። መምህርቷም፣ «ለዚህ የሚያደርሰኝን የልምምድ ዕቅድ ይጻፉልኝ» ሲሉ ይጠይቁኛል።

እኅቴ ሆይ፣ ዕቅዱን እጽፍልዎታለሁ። ነገር ግን እኔ የምጽፈው ዕቅድ በሰኔ ወደ ሽክርክሪቱ አያደርስም። ምክንያቱን አስቀድሜ ልንገርዎ።

እኔም ልጅ ሳለሁ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ ለበዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከጓደኞቼ ጋር አግዳሚ ላይ ተሰቅዬ ነበር። መውጣቱን አስተማሩን፤ መወዛወዙንም አስተማሩን፤ መውረዱን ግን ያስተማረን አልነበረም። በበዓሉ ቀን ጭብጨባው ሲሰማ ልቤ ሞቀ፤ ከወትሮው አብልጬ ተወዛወዝሁ፤ እጄ አመለጠኝ። እጄን ዘርግቼ መሬት ተቀበለኝ። ወጌሻው ደኅና ሰው ነበሩና አጥንቱ ገጠመ፤ ሆኖም ዝናም ሊመጣ ሲል ከራዲዮው በፊት የሚነግረኝ ይኸው የእጄ አንጓ ነው። ጭብጨባው ግን ያን ቀን እንኳ እስከ ማታ አልቆየም።

ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ ስከታተል ኖሬአለሁ። ከፍና ዝቅ ባሉ ሁለት አግዳሚዎች ላይ የሚሠራው ይህ ጂምናስቲክ በኦሊምፒክ ለብቻው የሴቶች ሜዳሊያ የተሰጠበት በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ነው። ዛሬ በዓለም ውድድር የታችኛው አግዳሚ ከወለሉ 170፣ የላይኛው 250 ሴንቲሜትር ከፍታ አለው። ሐምሌ 11 ቀን 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል፣ አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር በቀረችበትና ምሩጽ ይፍጠርም ሳይሮጥ በቀረበት በዚያ ኦሊምፒክ፣ ናዲያ ኮማኔች የምትባል የ14 ዓመት ሮማኒያዊት በዚሁ መሣሪያ ላይ ሙሉ 10 ነጥብ አገኘች። የውጤት ሰሌዳው 10.00 ለማሳየት አልተሠራም ነበርና 1.00 ብሎ አሳየ። ይህን ወሬ ሁሉም ያወራዋል። የማይወራው ግን ይህች ልጅ ልምምድ የጀመረችው በ6 ዓመቷ ገደማ መሆኑ ነው። ግማሽ ደቂቃ ለማይሞላ ሥራ ስምንት ዓመት ያህል ቅድመ ዝግጅት ነበረው።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ፣ ለአልጄሪያ የተወዳደረችው ካይሊያ ነሙር በ17 ዓመቷ በዚሁ መሣሪያ 15.700 ነጥብ አግኝታ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደች። በጂምናስቲክ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ለአፍሪካ አገር ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነው። እርሷም ብትሆን ተወልዳ ያደገችው በፈረንሳይ ነው፤ መሣሪያውና አሠልጣኙ ከልጅነቷ ጀምሮ አልተለያትም። ደግሞም ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ፣ በዚያው ዓመት 16 ዓመት የማይሞላት ልጅ በአዋቂዎች የዓለም ውድድር እንድትገባ አይፈቀድም። ትልልቆቹ አገሮች እንኳ «ቆይ፣ አጥንቷ ይጥና» ካሉ፣ እኛን የሚያስቸኩለን ምንድን ነው?

የእኛ ልጆች ድፍረትም ቅልጥፍናም አይጎድላቸውም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረው የሕፃናት ሰርከስ ወደ ጅማ፣ ወደ መቀሌና ወደ ናዝሬት ሲዛመት ይህ በግልጽ ታይቷል፤ በ1990ዎቹ የተቋቋመው ፍካት ሰርከስም መስክሮታል። እስከ ፓሪስ ድረስ በኦሊምፒክ ያገኘናቸው ሜዳሊያዎች ሁሉ የሩጫ ናቸው፤ ሩጫውም ቢሆን በድፍረት ብቻ አልመጣም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ከኋላው የስዊድናዊው አሠልጣኝ የኦኒ ኒስካነን በዕቅድ የተመራ ልምምድ ነበረ። የሚጎድለን እንግዲህ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ዕቅድ ነው።

እርስዎ ባሉበት አገር ደግሞ ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ከ1860 ዓ.ም. መግቢያ እስከ መጋቢት ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ገደሉን እየደለደሉ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ በየቀኑ መንገድ ይሠራ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መንገዱ ሳይሠራ መድፉ አልተንቀሳቀሰም። የልጆችዎ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ሽክርክሪቱ መድፉ ነው፣ ልምምዱ መንገዱ ነው።

አሁን ወደ ዕቅዱ እንግባ።

በመጀመሪያ ቀኖቹን እንምረጥ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የእጃቸው ቆዳና የአንጓቸው አጥንት ማረፊያ ያጣል። እኔ ሰኞን፣ ሐሙስንና ቅዳሜን መርጫለሁ። ረቡዕና ዓርብ ለክርስቲያን ልጆች ጾም ናቸው፤ ዓርብ ለሙስሊም ልጆችም የጁምዓ ቀን ነው። በወሎ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይማራሉና ዕቅዱ ሁለቱንም ማወቅ አለበት። ከተመረጡት ቀኖች አንዱ የአካባቢው የገበያ ቀን ከሆነ ይለውጡት፤ በገበያ ቀን ልጅ ለቤተ ሰቡ ሥራ ትፈለጋለች። በሁዳዴም ሆነ በረመዳን የምትጾም ልጅ ብትኖር ያን ቀን አግዳሚው ይቅርባት፤ መሬት ላይ ቀላል እንቅስቃሴ ትሥራ። ያልጾመችውም ቢሆን ባዶ ሆዷን አትንጠልጠል፤ ከትምህርት በኋላ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ትንሽ በሶ በውኃ ብታገኝ ብዙ ይረዳታል።

ቀጥሎ የአንዱን ቀን 90 ደቂቃ እናከፋፍል። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ማሟሟቂያ ነው። አካባቢያችሁ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነውና ፀሐይ ዘንበል ስትል ብርዱ ይከብዳል፤ ያልሞቀ ጡንቻ ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። ሩጫ፣ ዝላይ፣ ትከሻንና አንጓን ማዞር፣ በመጨረሻም መንከባለልና መውደቅ። አዎን፣ መውደቅ! በየቀኑ ይለማመዱት።

ከዚያ በኋላ 10 ደቂቃ በመሬት ላይ የሰውነት ቅርጽ ይሥሩ። በጀርባ ተኝቶ፣ ወገብን ከመሬት አጣብቆ፣ ትከሻንና እግርን ጥቂት ማንሣት፤ ቀጥሎም በሆድ ተኝቶ ደረትንና እግርን ማንሣት። አግዳሚ ላይ የሚታየው ውዝዋዜ ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ ቅርጾች የሚመጣ ነው። በመሬት ላይ ቅርጿን መያዝ ያቃታት ልጅ በአየር ላይ ልትይዘው አትችልም።

ዋናው ክፍል 40 ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አስተማሪዎች ይሳሳታሉ። 12 ልጆችን በአንድ አግዳሚ ፊት ያሰልፋሉ። ሒሳቡን እንሥራ፤ እያንዳንዷ ግማሽ ደቂቃ ብትወስድ፣ ተራው አንድ ጊዜ ለመዞር 6 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ አንዲት ልጅ 6 ወይም 7 ጊዜ ብቻ ትሠራለች፤ የቀረውን ከ36 ደቂቃ በላይ ቆማ በብርድ ትንቀጠቀጣለች። በዚህ ፈንታ ሦስት ሦስት አድርገው በአራት ቡድን ይክፈሏቸው፤ አራት የሥራ ቦታ ያዘጋጁ፤ በየ10 ደቂቃው ይቀያየሩ። ሦስት ሆነው በ10 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዷ በአግዳሚው ላይ ያንኑ 6 ወይም 7 ጊዜ ታገኛለች፤ የቀረው 30 ደቂቃ ግን ሌላ ሥራ ይሠራበታል።

አራቱ ቦታዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛው የታችኛው አግዳሚ ነው፤ እርስዎ ከዚያ አይለዩ። ሁለተኛው የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ተቆርጦ ከምሰሶ ጋር የሚታሰርበት ነው፤ ልጅቷ ክንዷን ቀጥ አድርጋ ላስቲኩን ከራሷ በላይ እስከ ጭኗ ትስባለች። ሦስተኛው በግድግዳ ላይ እግርን አስደግፎ በእጅ መቆም ነው። አራተኛው ከዝቅተኛ ሣጥን ላይ ዘሎ መውረድ ነው። ከአግዳሚው በቀር በሦስቱ ቦታዎች ደጋፊ እጅ የሚያስፈልገው ሥራ አይሰጥም። ሕጉ ይህ ነው፤ አደጋ ያለባቸው ቦታዎች ቁጥር ከአዋቂዎች ቁጥር አይብለጥ። ብቻዎን ከሆኑ አንድ ብቻ። የላይኛው አግዳሚ የሚነካው ቅዳሜ፣ ሁለተኛ አዋቂ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜም ለመንጠልጠልና ለቀላል ውዝዋዜ ብቻ።

የቀረው 15 ደቂቃ ለጉልበት ማዳበሪያ ነው፤ እግርን ወደ አግዳሚ ማንሣት፣ በክንድ መሳብ፣ መሬት መግፋት። የመጨረሻው 10 ደቂቃ ሰውነት ለማፍታታትና ለደብተር ይሁን። ስለ ደብተሩ እመለስበታለሁ።

አሁን 12ቱን ሳምንታት እንመልከት። ከ1ኛው እስከ 4ኛው መውረድ፣ መንጠልጠልና መደገፍ ብቻ ነው። ከጉልበት ከፍታ ዘሎ በሁለት እግር መውረድ፤ ጉልበትን አጠፍ ማድረግ፤ እጅን ወደኋላ ለድጋፍ አለመዘርጋት። በመንጠልጠል ከ10 ሴኮንድ ተነሥቶ እስከ 30፤ በታችኛው አግዳሚ ላይ ክንድን ቀጥ አድርጎ በመደገፍ ከ10 እስከ 20። ከ5ኛው እስከ 8ኛው፣ በታችኛው አግዳሚ ላይ እግርን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ሆድን ወደ ብረቱ አስጠግቶ፣ ተገልብጦ መውጣት፤ ከዚያም በክንድ ተደግፎ እግርን ወደኋላ መወርወር፤ በእርስዎ እጅ እየተረዱም በወገብ ዙሪያ ወደኋላ መዞር። ከ9ኛው እስከ 12ኛው የተማሩትን ሦስት ነገር ማያያዝ፤ ኪፕ የሚባለውን፣ ከመንጠልጠል በውዝዋዜ ወደ መደገፍ የሚያወጣውን እንቅስቃሴ ደግሞ በቁርጥራጭ መጀመር። 4ኛውና 8ኛው ሳምንት ግማሽ ሥራ ብቻ ይኑራቸው፤ በ12ኛው ሳምንት አዲስ ነገር አይጨመር።

ይህ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ልጅቷን ግን የቀን መቁጠሪያ አያሳልፋትም። ያለ እርስዎ እጅ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አጥርታ ካልሠራች ወደሚቀጥለው አትለፍ። ኪፕ ብቻውን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። በላይኛው አግዳሚ ዙሪያ መሽከርከር ከኪፕ በኋላ፣ አግዳሚ ላይ በእጅ ከመቆም በኋላ የሚመጣ ነው፤ ያም የዓመታት ሥራ ነው፤ ያውም በተፈተነ መሣሪያና በወፍራም ፍራሽ ላይ። ‹የቸኮለ አፍሶ ለቀመ› የተባለው ለእህል ነው፤ አጥንት ሲፈስ ግን አይለቀምም።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። የባሕር ዛፍ ምሰሶ የሚበሰብሰው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ከክረምት በኋላ በቢላ ወጋ እያደረጉ ይመርምሩት። ብረቱ በመያዣው ውስጥ የሚዞር ወይም የጎበጠ ከሆነ አይሠራበት። ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ጎልማሶች ይንጠልጠሉበትና ያወዛውዙት፤ ሲጢጥ ካለ ያን ቀን መሬት ላይ ይዋል። ከሥሩ አፈሩን ቆፍረው በአሸዋ ይሙሉት፤ በላዩ ጭድ የተሞላ ፍራሽ ያንጥፉ። ለእጅ የሚቀባው ነጭ ዱቄት ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው። ከሌለ እጅንና ብረቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። በኖራ ግን አደራ! ኖራ ቆዳ ያቃጥላል። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔም ምትኩ አይሆንም። ቆዳዋ የተላጠ ልጅ በሳሙናና በውኃ ታጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና፣ እስኪድን አግዳሚውን አትንካ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአንጓ ነገር ነው። በዚህ ዕድሜ የክንድ አጥንት የሚያድገው ከአንጓ አጠገብ ባለው ለስላሳ ክፍል ነው። ያ ክፍል በየቀኑ ከተጫኑት ያብጣል፣ ያማል፤ ዝም ከተባለም ዕድገቱ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ «አንጓዬን ያመኛል» ያለች ልጅ ሰነፍ አትባል፤ እጇ ይረፍ፤ ሕመሙ ካልተዋት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። በየወሩ ቁመታቸውን በግድግዳ ላይ ምልክት ያድርጉ። በድንገት የረዘመች ልጅ ትናንት የምትችለው ዛሬ ቢያቅታት አይደንግጡ፤ ሥራዋን ይቀንሱላት።

ወላጅ ስለ ልብስ ቢጠይቅዎ መልስ አለዎት። ረጅም የእግር ልብስ በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ የጀርመን ልጃገረዶች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ተሸፍነው ተወዳድረዋል። ወላጅ መጥቶ ልምምዱን ማየት ቢፈልግም ወንበር ይስጡት። ማንም አዋቂ ከአንዲት ልጅ ጋር ብቻውን አይቅር፤ እርስዎም ቢሆኑ። በአሜሪካ የብሔራዊው ቡድን ሐኪም በነበረው በላሪ ናሳር ላይ በጥር 2010 ዓ.ም. ከ150 የሚበልጡ ሴቶች በችሎት ፊት ቆመው የደረሰባቸውን በደል ተናግረዋል። ያ ሁሉ ዓመት የተሸፈነው የልጆቹ ቃል ከሜዳሊያው አንሶ ስለታየ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ገጽ ይስጡ፤ በየቀኑ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ምን ሠራች፣ ምን አመማት፣ ቀጥሎ ምን ይጠብቃታል። እኛ የቢሮ ሰዎች ዕቅድ በሦስት ቅጂ አስተይበን መዝገብ ቤት ከሰጠን በኋላ የምናስታውሰው ሊመረቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከዚያ ቀለሙ ሳይደርቅ ጥብጣቡ ይቆረጣል። ለግድግዳ እንዲህ ቢደረግ ግድግዳ እንደገና ይቀባል። የእርስዎ ዕቅድ ግን በልጅ አካል ላይ የሚጻፍ ነውና የሚጀምረው ከበዓሉ ቀን አይደለም፤ ልጅቷ ዛሬ ከምትችለው ነው።

ርእሰ መምህሩም ክፉ ሰው አይመስሉኝም። በትምህርት ቤታቸው መኩራት ፈልገዋል። ደብተሩን ይዘው ቢሯቸው ይግቡና በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ አንዲት ልጅ ከምትሽከረከር 12ቱም በአንድነት ይታያሉ» ይበሏቸው። በሰኔ ልጆቹ በተራ ወደ ታችኛው አግዳሚ ይምጡ፤ ተገልብጠው ይውጡ፤ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው ይደገፉ፤ እግራቸውን ወደኋላ ይወርውሩ፤ ከዚያም ዘለው በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው ይቁሙ። 12 ልጆች አንድም ሳይወላገድ ሲወርዱ ያየ ወላጅ ማጨብጨቡ አይቀርም። ካላጨበጨበም ምንም አይደል፤ ልጁን በሁለት ጤነኛ እጆቿ ይዟት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በመጪው መስከረም ከ12ቱ ስንቱ እንደ ተመለሱ ይጻፉልኝ። የዕቅድዎን ነጥብ እኔ የምሰጠው በዚያ ቁጥር ነው።